ልጄ ጓዳ አትቀመጥም

የመጀመሪያ ልጄ ሁለት ዓመት እስኪጠጋት ድረስ ጥቂት ቃላት ነበሯት። እኔን «እማ» ትለኛለች፤ ውሃ ሲያምራት «ው» ትላለች፤ የጎረቤት ድመት ካየች «ሙ» ብላ ትስቃለች። ከዚያ አንድ ክረምት መጣና ቃሎቿን ጠርጎ ወሰዳቸው። አልታመመች፣ አልወደቀች፣ የደነገጠችበት ነገርም አላውቅ። አንድ ቀን ውሃ ሲጠማት የእጄን አንጓ ይዛ ወደ እንስራው ጎተተችኝ። «ው በይ እስቲ፣ እናቴ» አልኳት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። እጄን የያዘችው የሰው እጅ እንደሚያዝ አልነበረም፤ ጭልፋ እንደሚያዝ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ አንድ ነገር እንደሆነች አወቅኩ። ምን እንደሆነች የሚነግረኝ ሰው ፍለጋ ግን ዓመታት ፈጀብኝ።

ያኔ የምንኖረው ቡታጅራ ነበር፤ ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ላይ ናቸው። እኔም ባለቤቴም የሰሜን ሸዋ ሰዎች ነን። እሱ መምህር ሆኖ ቡታጅራ ሲመደብ እኔ ገና ሙሽራ ሆኜ ተከትየው መጣሁ። በከተማው እንደኛ ከሌላ አገር የመጣ ብዙ ነበር፤ ፖሊሱ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊው፣ ነጋዴው። ሰው ቶሎ ይላመዳል፤ የአንዱ ቤት ነገርም በሌላው ቤት ቶሎ ይታወቃል። ልጄ እንደ ሌላው ልጅ አለመሆኗን ከእኔ ቀድሞ የተናገረው ሰፈሩ ነው።

ነገሩ የሚደበቅም አልነበረም። ከፊት ለፊታችን ካለው ቡና ቤት የሚጣለውን የጠርሙስ ቆርኪ እየለቀመች በግድግዳው ጥግ ትደረድረዋለች፤ አንዱን ካነሳሁባት ቤቱ በጩኸት ይናጋል። የወፍጮ ቤቱ ሞተር ሲነሳ ጆሮዋን ይዛ አልጋ ስር ትገባለች። ስሟን ብጠራት አትዞርም። ጠጉሯን ልሠራት ስነሳ ሊያርዷት የመጡ ይመስላታል። ደስ ሲላት ደግሞ በእግሮቿ ጣቶች ቆማ እጆቿን እንደ ወፍ ክንፍ ታርገበግባለች፤ ያን ጊዜ ፊቷ ላይ የማየውን ብርሃን በማንም ልጅ ፊት አይቼው አላውቅም።

ከእኛ ቤት ጀርባ የአንድ የተከበረ ነጋዴ ቤት ነበር። ድግስ ደግሰው ላግዝ ሄድኩ። ገንቦ አምጪ ተብዬ ወደ ጓዳ ስገባ ከእህል ጎታው አጠገብ አንዲት ትልቅ ልጃገረድ ተቀምጣለች፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም። ቁርጭምጭሚቷ በጠፍር ከምሰሶው ጋር ታስሯል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘች በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች። ያን ድምፅ ከቤቴ ሆኜ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ጥጃ ነበር የሚመስለኝ።

እናትየዋ ተከትላኝ ገባች። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን በሩን ከኋላዋ ገፋ አድርጋ እንባዋ መጣ።

«ምን ላድርግ እቴ? ገበያ በሆነ ቁጥር ትጠፋብኛለች። አንድ ቀን መኪና ሊገጫት፣ አንድ ቀን ባለጌ ሊጫወትባት ነው። እንዳላጣት ነው ያሰርኳት።»

ክፉ ሴት አልነበረችም። ልጅቷ ጠጉሯ ተሠርቷል፣ ልብሷ ንጹሕ ነው፣ ምግብ ከጎኗ አለ። ያስፈራኝ ይኸው ነው፤ ያሰራት የሚወዳት ሰው ነው። ቡታጅራን ከለቀቅን በኋላ እዚያው ጓዳ ውስጥ እንደሞተች ሰማሁ። ያን ቀን ግን ገንቦውን አድርሼ ቤቴ ስገባ ለባለቤቴ እንዲህ አልኩት፤ «ቁርጡን ልንገርህ። ልጄ ጓዳ አትቀመጥም። ምን እንደሆነች እስካውቅ እኔም አርፌ አልቀመጥም።»

እሱ የፈተና ወረቀት እያረመ ነበር። «ማን ጓዳ አስገባት አለሽ?» አለኝ ግራ ተጋብቶ።

ሰፈሩ «ዓይን ነው» አለን፤ «ውሃ ዳር ተለክፋ ነው» አለን። የንስሐ አባታችን ጸበል አዘዙልን፤ እኔም ከልቤ አምኜ ወሰድኳት። ዛሬም አምናለሁ። ልጄ ግን ቀዝቃዛው ውሃ ባናቷ ሲወርድባት ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች፤ የገዛ እጇን እስኪደማ ነከሰች። ሱባኤው ሊያልቅ ሲል ከአስጠማቂዎቹ አንዱ ገመድ ይዞ መጣ።

«ታስራ ትጠመቅ፤ ራሷን እንዳትጎዳ ነው» አለኝ በደግነት።

«አባቴ፣ እግዚአብሔር ሳትታሰርም ያውቃታል» አልኩና በነጠላዬ ጠቅልዬ አዝያት ወረድኩ።

ቀጥሎ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ድሬሰሩ ከጀርባዋ ቆሞ የቁስል ማጠቢያውን ሳህን በመቀስ መታው። አልዞረችም።

«ጆሮዋ አይሰማም» አለኝ።

«ጌታዬ፣ ይቺ ልጅ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ገና ከተማው ሳይደርስ ሰምታ በር ላይ የምትቆም ናት።»

«ታዲያ እኔ ምን ልበልሽ?» አለና የቪታሚን ሽሮፕ ሰጠኝ። አልተቀየምኩትም። ለቁስልና ለወባ የተማረ ሰው ነው፤ ለመላው ወረዳ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው አጥሩን ዞሮ ነበር።

በዚያ ሰሞን እምድብር ያለው የሚሲዮን ክሊኒክ ልጆችን ደህና አድርጎ እንደሚያይ ሰማሁ። ከቡታጅራ እምድብር ለመድረስ በቅሎ ጭኖ ተራራውን ማቋረጥ ነው፤ በጉመር ብርድ፣ በአረቅጥ በኩል። በወልቂጤ ግን መንገድ አለ። አዲስ አበባም ከወልቂጤ በየቀኑ ይኬዳል። ባለቤቴን ወልቂጤ እንዲዛወር እንዲጠይቅ ያዝኩት።

«ወልቂጤ? ያ የወባ አገር?» አለ።

«ወባ መድኃኒት አለው።»

«እዚህ ሰው አውቆን፣ ተከብረን…»

«ያወቀንማ ‹የመምህሩ እብድ ልጅ› እያለ ነው» አልኩት። ይህን ያልሰማ መስሎኝ ነበር። አንገቱን ደፋ። ሰምቷል። በሚቀጥለው መስከረም ወልቂጤ ገባን።

እምድብር የሄድነው ክረምቱ በደንብ ሳይወጣ ነበር። መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ሲገፉ እኔ ልጄን አዝዬ በእግሬ ቀጠልኩ፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው እንሰት ቅጠሉ ዝናብ አጠራቅሞ በራሳችን ላይ ያፈሰዋል። በክሊኒኩ ያገኘኋት መነኩሲት ከውጭ አገር የመጣች፣ አማርኛዋ ሰባራ፣ እጇ ግን የለመደ ነበር። ሹካ የመሰለ ብረት ጠረጴዛ ላይ መትታ በልጄ ጆሮ አጠገብ ያዘችው። ብረቱ ይዘምራል። ልጄ ቀስ ብላ ተቀበለቻትና በጉንጯ ላይ አድርጋ ሳቀች። መነኩሲቷም ሳቀች።

«ጆሮ ደህና ነው። ካንቺ፣ ከኔ የበለጠ ይሰማል። ችግር ሌላ ነው። እኔ አላውቅም» አለችኝ። አዲስ አበባ የልጆችን አእምሮ የሚያይ ሐኪም እንደመጣ የነገረችኝም እሷ ናት። እስከዚያ ቀን ካየኋቸው ሁሉ «አላውቅም» ያለችኝ እሷ ብቻ በመሆኗ አመንኳት።

አዲስ አበባ የባለቤቴ አጎት ልጅ ቤት አረፍን። ሆስፒታሉ በር ላይ እየተመላለስን ደጅ ጠናን። ሐኪሙ የሚቀበለው ጥቂት ሰው ነው፤ ከእኛ በኋላ መጥቶ ከእኛ በፊት የሚገባም አለ። አንድ ጠዋት ጥሩ ካባ የደረበች ወይዘሮ ከሾፌሯ ጋር መጣች፤ አጠገቧ በእግር ጣቶቹ የሚራመድ፣ እጆቹን የሚያርገበግብ ልጅ አለ። ባለቤቴን በክርኔ ጎሸምኩት። እሱም አይቷል። እስከዚያ ቀን ድረስ በዓለም ላይ የኛይቱ ብቻ ያለች ነበር የሚመስለን። እነሱ በሌላኛው በር ገቡ፤ እኛ አግዳሚው ላይ ቆየን።

ተራችን ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ሐኪሙ ወጣት ፈረንጅ ነው። ባለቤቴ እንግሊዝኛ ስለሚችል ያስተረጉማል። ሐኪሙ ልጄን ወለሉ ላይ ከእንጨት መጫወቻዎች ጋር አስቀመጣትና ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አያት። እሷ መጫወቻዎቹን በመስመር ደረደረች። ከዚያ አንድ ቃል ተናገረ። «ኦቲዝም።»

«ምን ማለት ነው?» አልኩት ባለቤቴን።

«በአማርኛ ምን እንደምለው እንጃ» አለኝ። «በራስ ውስጥ መዘጋት እንደማለት መሰለኝ።»

ሐኪሙ እኔን እያየ ብዙ ተናገረ።

«ምን አለ?»

«ምንም።»

«ምንም ለማለት ሰው ይህን ያህል አያወራም። ንገረኝ።»

ባለቤቴ ባርኔጣውን በእጁ አሽከረከረ። «ስታረግዣት ትፈልጊያት እንደሆነ ይጠይቃል። ስትወለድ ታቅፊያት እንደሆነ። እናት ፊት ስትነሳው ልጅ እንዲህ ወደ ውስጥ ይዘጋል የሚሉ አዋቂዎች አሉ ይላል።»

ከወንበሬ ተነሳሁ።

«አሁን የምለውን ሳትቀንስ ንገረው። ይህችን ልጅ ከጸበል ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከቡታጅራ ወደ እምድብር በጀርባዬ ተሸክሜ ነው እዚህ ያደረስኳት። ፊት የነሳችኝ እሷ ናት፤ እኔ አልነሳኋትም። ያም ሆኖ ይኸው ፊት ለፊቷ ነኝ።»

ባለቤቴ ተረጎመ። ሳይቀንስ እንደተረጎመ ያወቅኩት የሐኪሙ ፊት ሲቀላ ነው። ለስለስ ባለ ድምፅ፣ በዚህ የማይስማሙ ሐኪሞችም አሉ፣ መንስኤውን በእርግጥ የሚያውቅ ገና የለም አለ። ከብዙ ዓመት በኋላ ያ የእናት ጥፋት ነው የሚለው ነገር ስሕተት እንደነበር የሕክምናው ዓለም ራሱ ተናገረ። እኔ ግን ያን ቀን ያወቅኩት ነው።

«መድኃኒቱስ?» አልኩ።

«መድኃኒት የለውም። በእሱ አገር እንዲህ ያሉ ልጆችን በትዕግሥት የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ። እዚህ አገር አንድም የለም ይላል።»

«ለኛስ ምን ይበጃል?»

ሐኪሙ ይህን ለመረዳት ትርጉም አላስፈለገውም። እጆቹን ዘረጋና አዝናለሁ አለ።

ባለቤቴ መኪና ሊጠይቅ ሲሄድ እኔ ሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ስም ይዤ ወጥቻለሁ፤ ከስሙ በቀር ምንም የለኝም። በዚህ መካከል ያቺ ወይዘሮ፣ ለወረቀት ቆይታ ኖሮ፣ ልጇን ይዛ ስትወርድ አጠገቤ ቆመች።

«የኔም ያው ነው» አለችኝ። «ውጭ አገር ትምህርት ቤት ሊገባ ነው።»

«ታድለዋል፣ እመቤቴ።»

«መታደል ነው?» አለች፤ ድምጿ ተሰበረ። «እኔ እኮ እዚያ ትቼው ልመለስ ነው። ልብሱን ማን ያለብሰዋል? እንቁላል እንደማይወድ በምን ቋንቋ ይነግራቸዋል?»

የካባዋን ጫፍ ያዝኩ፤ እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «እመቤቴ፣ ያንን ትምህርት ቤት ካዩት አንድ ነገር ይንገሩኝ። ቁጭ አድርገው ምንድን ነው የሚያደርጉት?»

ሾፌሩ በሩን ከፍቶ እየጠበቀ ነው። እሷ ግን ቀሚሷን ሰብስባ ከጎኔ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ያየችውንም ነገረችኝ። ልጁ የሚወደውን ነገር ይፈልጋሉ። አስተማሪዋ ዕቃውን ይዛ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች፤ ስሙን ትጠራለች፤ ከዚያ ትሰጠዋለች። አንድ ነገር ብቻ፣ ደጋግማ። ዓይኗን እንዲያይ አታስገድደውም። የቀኑ ሥራ ቅደም ተከተሉን አይለውጥም፤ ወደ ሌላ ነገር ሲሄዱ አስቀድመው ይነግሩታል። ሲጮህ አይመቱትም፤ ያስጮኸውን ነገር ያርቁለታል። እኔ እያቋረጥኩ ጠየቅኳት፤ እሷ ሳትሰለች ደገመችልኝ። የነገረችኝን እንደ ዳዊት በቃሌ ያዝኩት። ከዚያ ልጇን አቅፋ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ልጆቻችን አንድ ዓይነት ነበሩ፤ የእሷ ባሕር ሊሻገር፣ የኔ ወልቂጤ ልትመለስ። ስለዚህ ነገር ማልቀስ ይቻል ነበር። እኔ ግን መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ልጄ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ምን እንደሆነ ነው።

መልሱን ያገኘሁት ከጎረቤቴ ግቢ ነው። ጎረቤታችን ባሏ የሞተባት የጉራጌ ሙስሊም ሴት ናት፤ እንሰቷ ከቤቷ ጀርባ እንደ ጫካ ነው። እንሰት በሚፋቅበት ወቅት ከቅጠሉ ግንድ የሚወጣው ነጭ ክር፣ ቃጫ የሚሉት፣ በአጥሩ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ልጄ እጄን አምልጣ ሄዳ ቃጫውን በጣቶቿ መካከል ታሳልፈው ጀመር። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቀስ አድርጋ። ከዚያ በጉንጯ ላይ አደረገችው፤ በእግር ጣቶቿም ቆመች።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ ታበላሽብዎታለች» አልኩ እየሮጥኩ።

«ተያት፣ ትጫወት» አለችኝ። «አላህ የሰጠው ቃጫ ሞልቷል።» አንድ እስር ቆርጣ በእጄ አስያዘችኝ።

ከማግስቱ ጠዋት ጀመርኩ። ቁርስ ከበላች በኋላ ምንጣፉ ላይ ፊት ለፊቷ እቀመጣለሁ። አንድ ቀጭን ዘለላ ይዤ «ቃጫ» እላለሁ፤ እሰጣታለሁ። ወስዳ ትጫወትበታለች። እንደገና አንድ ዘለላ፤ «ቃጫ»። በየቀኑ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ምንጣፍ። ወራት አለፉ። ወባ ይዞኝ ስንቀጠቀጥ እንኳ ጋቢ ደርቤ ተቀምጫለሁ። ባለቤቴ አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ አየንና «ለግድግዳ እኮ ነው የምትናገሪው» አለኝ። ንዴት አልነበረበትም፤ አሳዝኜው ነው።

«አንተ ትምህርት ቤት ለስንቱ ግድግዳ ስታስተምር ትውል የለ?» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሳቅን ቆይተን ነበር።

በጋው ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጠዋት እንደልማዴ ዘለላውን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ከእኔ አፍ ቃል ሳይወጣ እሷ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። «ጫ» አለች።

ልጮህ ነበር። ጩኸት እንደሚያስደነግጣት ስለማውቅ አፌን በእጄ ይዤ ቃጫውን ሰጠኋት። «አዎ፣ ቃጫ» አልኳት እንደሁልጊዜው። ከዚያ ተነስቼ ከቤቱ ጀርባ ሄድኩና ነጠላዬን በጥርሴ ነክሼ አለቀስኩ። ጎረቤቴ ካጥሩ ማዶ አይታኝ ሰው የሞተ መስሏት «ምን ሆንሽ?» እያለች መጣች። ስነግራት እጆቿን ዘርግታ «አልሐምዱሊላህ» አለች። እሷም አለቀሰች።

ከ«ጫ» በኋላ «ውሃ» መጣ፤ ቆይቶ «በቃ» መጣ። «በቃ» ከሁሉ ጠቀመን፤ በቃ ማለት የቻለ ልጅ እጁን አይነክስም። ገበያ ስወስዳት አስቀድሜ በተራ እነግራታለሁ፤ «ጫማ። በር። ገበያ። ጨው። ቤት።» ከመንገድ ወጥተን ሌላ ነገር ካደረግን ትጮሃለች፤ ስለዚህ ቃሌን እጠብቃለሁ። ሰው ቆሞ ያየናል። «እብድ ናት?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። «እብድ አይደለችም፤ ንግግሯ የዘገየ ነው። ሰላም በላት፣ ትሰማሃለች» እለዋለሁ። ብዙዎቹ ያፍራሉ፤ አንዳንዶቹም ሰላም ይሏታል። ከተማው እንዲለምዳት ነበር የምፈልገው። አንድ ቀን ብትጠፋ «ይህች የእገሌ ልጅ ናት» ብሎ እጇን ይዞ የሚያመጣት ሰው እንዲበዛ።

ለትምህርት ስትደርስ ዲሬክተሩ ጋ ሄድኩ። ባለቤቴ አብሮኝ አልመጣም። አለቃው ናቸው፤ አፍሯል።

«ይህ ትምህርት ቤት እንጂ ጸበል ቤት አይደለም፣ እመቤት» አሉኝ ዲሬክተሩ። «ሌሎቹን ትረብሻለች። ለእንዲህ ዓይነቱ የተደነገገ ነገር የለም።»

በዚያ ዘመን ሰው ለርስት ደጅ ይጠናል፣ ለሹመት ደጅ ይጠናል። እኔ ለአንድ የአግዳሚ ጫፍ ደጅ ጠናሁ። በየጠዋቱ ልጄን ይዤ ከቢሯቸው በር አጠገብ፣ ዛፉ ስር እቀመጣለሁ። ሲገቡ ተነስቼ እጅ እነሳለሁ፤ ሲወጡ ተነስቼ እጅ እነሳለሁ። ምንም አልናገርም። ሲሰለቻቸው «አውራጃ ሄደው ይጠይቁ» አሉኝ። ሄድኩ። የአውራጃው ሹም ወረቀቶቹን እያገላበጠ፣ «ሕጉ እንዲህ ያለ ልጅ አያውቅም» አለኝ።

«ካላወቃት አልከለከላትም ማለት ነው?»

ወረቀቶቹን አስቀመጠ። «ይህን ለዲሬክተሩ ይንገሩ፤ ‹ሹሙ ብለዋል› ብለው» አለና ሳቁን ዋጠ።

ዲሬክተሩ ለሙከራ ፈቀዱ፤ እኔ አብሬያት የኋላው አግዳሚ ላይ ልቀመጥ። ያስቸገረን ደወሉ ነው። ዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ ሲመታ ልጄ መሬት ላይ ወድቃ ትጮሃለች። ስለዚህ ከደወል በኋላ እንገባለን፤ ከደወል በፊት እንወጣለን። አንድ ጠዋት ግን ደዋዩ ዘገየና እኛ ግቢው መሃል ስንደርስ ቸርኬው ጮኸ። ተማሪው በሙሉ ባንዲራ ሊሰቅል ተሰልፏል። ልጄ ወደቀች። ሳቅ ተነሳ። ከመምህራኑ መካከል «እባካችሁ ይህችን ነገር አውጡልን» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ባለቤቴ ከመምህራኑ ሰልፍ ወጣ። በሁለቱ ሰልፎች መካከል በቀስታ መጥቶ፣ ኮቱን አውልቆ በጆሮዋ ላይ ጠቀለለላትና ትከሻው ላይ አነሳት። ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞረ። «ልጄ ናት» አለ። «አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ደወሉ ያማታል። ደወሉን ከዛሬ ጀምሮ ከግቢው ጥግ እንሰቅለዋለን።» ዲሬክተሩን አልጠየቀም። በማግስቱ ደወሉ ጥግ ተሰቅሏል። ባለቤቴን አግብቼው ስንት ጊዜ ሆኖኝ ነበር፤ የወደድኩት ግን ያን ጠዋት ነው።

ክፍል ውስጥ ልጄ ለወራት ምንም አልተነፈሰችም። መምህርቷ ፊደል ስታስቆጥር እሷ ቃጫዋን ትፈትላለች። ከዚያ አንድ ቀን ቤት፣ ጎረቤታችን ገመድ መግመድ ስታሳያት፣ በመምህርቷ ድምፅ፣ በመምህርቷ ዜማ፣ «ለ ሉ ሊ ላ» ስትል ሰማናት። ሳትሳሳት እስከ መጨረሻው ወረደች። ተአምር አልነበረም፤ ማንበብ እስክትጀምር ገና ብዙ ድካም ነበረብን፤ ከሦስተኛ ክፍልም አላለፈችም። ግን አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስትሰማ እንደነበር ማንም አይክደንም።

ወሬው ከከተማው ወጣ። አንድ የገበያ ቀን አንዲት ሴት በእምድብር በኩል ካለ መንደር፣ ለመታዘል ያለፈበት ትልቅ ልጅ አዝላ ቤቴ መጣች። አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ ጎረቤቴ አስተረጎመችልን። እስከዚያ ቀን ድረስ ልጁን ሰው አላየውም ነበር። እንዳየሁት ምጣዱን አውርጄ ወደ ዲሬክተሩ ሄድኩ።

«ደግሞ መጡ?» አሉኝ።

«መጣሁ።»

«የእርስዎ ልጅ ገብታለች እኮ!»

«ይህኛው የሌላ ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ፤ ዓይናቸውን አሹ። «ከደወል በኋላ ያምጡት» አሉኝ። የእናቱ ቤት ሩቅ ስለሆነ ልጁ ከእኛ ጋር ከረመ። ሁሉም አልተሳካም፤ እሱ ክፍል አልለመደም፤ ግን ልብሱን መልበስና «በቃ» ማለት ተምሮ ወደ እናቱ ተመለሰ። ሌሎችም መጡ። ጃንሆይ ሲወርዱ ግቢዬ ጠዋት ጠዋት ከልጅ ባዶ ሆኖ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለዋወጠ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለእንዲህ ያሉ ልጆች የተከፈተ ቦታም፣ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሐኪምም መጣ። ደስ አለኝ። ወልቂጤ ግን ላለች ድሃ እናት አዲስ አበባ ዛሬም ውጭ አገር ነው። ይህን ለመጣ ሹም ሁሉ እናገራለሁ፤ ስሜን ሲሰሙ የሚደበቁኝ አሉ።

ልጄ ዛሬ ጠጉሯ ሸብቷል። ጥቂት ትናገራለች፤ ብዙ ትሰማለች። የምትገምደው ገመድ ጠንካራ ነው፤ ሰው እያዘዘ ይወስዳል። ባለቤቴ ሲሞት ለቅሶው እስኪያልቅ ድረስ የእሱን ኮት ለብሳ ከጎኔ ተቀመጠች። እኔም አርጅቻለሁ፤ ተራዬ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ወልቂጤ የወለድኩት ታናሽ ወንድሟን፣ ሚስቱንና ልጆቹን ሰብስቤ ተነጋገርን። ማለዳ ምን እንደምትበላ፣ ምን እንደሚያስፈራት፣ ከመውጣታቸው በፊት በምን ተራ እንደሚነግሯት አስተማርኳቸው። ደግሜ አስተማርኳቸው። መኝታዋ እነሱ ቤት፣ ፀሐይ በሚገባበት ክፍል፣ በመንገዱ በኩል ተዘጋጅቷል።